ግጥም፣ ፎቶና መድረክ፦ አንዱን ልያዝ ወይስ ሦስቱንም?

ጥያቄው በአጭሩ እንዲህ ይላል፦ «26 ዓመቴ ነው፤ ደሴ ነው የምኖረው። ግጥም እጽፋለሁ። ፎቶ አነሳለሁ፤ የምተዳደረውም በሠርግና በልደት ፎቶ ነው። ከሁለት ጓደኞቼ ጋር ደግሞ ግጥምን ከእንቅስቃሴ ጋር አዋህደን መድረክ ላይ እናቀርባለን። የማከብራቸው ሰዎች ሁሉ ‹አንዱን ያዢ፣ ተበታትነሻል› ይሉኛል። እውነት አንዱን መምረጥ አለብኝ? ካልመረጥኩስ ሦስቱን ይዤ እንዴት ነው ከጥበብ የምኖረው? አዲስ አበባ መምጣትስ አለብኝ ወይ?»

እህቴ፣ ሥራዬ ኤግዚቢሽን ማዘጋጀትና የአርቲስቶችን ማመልከቻ ማየት ስለሆነ ይሄ ጥያቄ ቶሎ ቶሎ ይደርሰኛል። አጭሩ መልስ፦ አትምረጪ። ግን አንድ ነገር መያዝ አለብሽ፤ እሱ ደግሞ ሙያ አይደለም። ወደዚያ እመጣለሁ።

ያገራችን ሰው «ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም» ይላል። ያው ሰው መልሶ «ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢሰበር ባንዱ ተንጠልጠል» ይላል። መካሪዎችሽ የመጀመሪያውን ይዘው ነው የሚያወሩሽ። በክፋት አይደለም፤ ሦስት ነገር ጀምሮ አንዱንም ያልጨረሰ ብዙ ሰው ስላዩ ነው። ስጋታቸው ልክ ነው፤ መድኃኒቱ ግን ልክ አይመስለኝም።

ቆይ እስቲ፣ ግጥም፣ ሥዕልና ክዋኔ (በሰው ፊት በአካል የሚቀርብ ጥበብ) እኛ ጋ መቼ ተለያይተው ያውቃሉ? የቤተ ክህነቱን ሊቅ አስቢው። ቅኔ ይቀኛል፣ መቋሚያና ጸናጽል ይዞ ከከበሮው ጋር ያሸበሽባል፣ ከነሱ መካከል ብራና ላይ ሐረግ የሚጥልና ሥዕል የሚስልም አለ። አንቺ ባለሽበት ወሎ መንዙማ አለ፤ ግጥሙ፣ ዜማው፣ ድቤውና የሰውነት ውዝዋዜው ተነጣጥለው አይቀርቡም። አዝማሪውም ግጥሙን እዚያው ፈጥሮ፣ ማሲንቆውን እየመታ፣ በፊቱና በትከሻው ጭምር ነው የሚጫወተው። «ተበታትነሻል» የሚልሽ ሰው ይህን ሁሉ ሲያይ ያደገ ሰው ነው። ስለዚህ አንቺ አዲስ ፈሊጥ አላመጣሽም።

በዘመናዊው ጥበብም ቢሆን ከገብረ ክርስቶስ ደስታ የተሻለ ምስክር የለም። በ1932 እ.ኤ.አ. ሐረር ተወለደ። አባቱ አለቃ ደስታ የቤተ ክህነት ሊቅ ነበሩ፤ የብራና መጻሕፍትን በሥዕል ያስጌጡ ነበር። ልጁ ጀርመን፣ ኮሎኝ ሥዕል ተምሮ ተመለሰ፤ አዲስ አበባ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት አስተማረ፤ በ1965 እ.ኤ.አ. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን የሥነ ጥበብ ሽልማት ወሰደ። ግጥምም ይጽፍ ነበር፤ ግጥሙም እንደ ሥዕሉ ከተለመደው መልክ የወጣ ነበር። ዛሬ ሰዉ ሁለቱንም ነው የሚያውቅለት፤ ሥዕሉን አይቶ የማያውቅ ሰው እንኳ ስለ አገር የጻፈውን ግጥም በቃሉ ይላል። ግን አንድ ነገር ልብ በይ። በስደት፣ አሜሪካ ኦክላሆማ ውስጥ ያረፈው በ1973 ዓ.ም. ነው፤ ግጥሞቹ ተሰብስበው መጽሐፍ ሆነው የወጡት በ1998 ዓ.ም. ነው። ሃያ አምስት ዓመት! እሱም ሌሎች ሰዎች ለቅመው ስለደከሙበት። ይሄን ቁጥር ያዢልኝ፤ ስለ ሰነድ ስናወራ ይጠቅመናል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። መያዝ ያለብሽ አንድ ጉዳይ ነው። አንድ ጥያቄ፣ አንድ ቁስል፣ አንድ የማይለቅሽ ነገር። እሱን ከያዝሽ ሦስቱ ሙያ ወደ አንድ ቦታ የሚያደርሱ ሦስት በሮች ይሆኑልሻል። እሱ ከሌለ ግን አንድ ሙያ ብቻ ብትይዢም መበታተንሽ አይቀርም።

ምሳሌ ልስጥሽ። ለምን ሲሳይ የሚባለው ገጣሚ በ1967 እ.ኤ.አ. እንግሊዝ ውስጥ ከኢትዮጵያዊት እናት ተወለደ። ስሙ ተቀይሮ ለአሳዳጊ ቤተሰብ ተሰጠ፤ በ12 ዓመቱ ወደ ሕፃናት ማሳደጊያ ተላከ፤ እናቱን ያገኛት በ21 ዓመቱ፣ ጋምቢያ ነው። የሰውዬው ጉዳይ ይሄ ነው፦ ማነኝ፣ ማን ወሰነብኝ። በግጥም ጻፈው። ብቻውን የሚጫወተው ቴአትር አደረገው። በ2017 እ.ኤ.አ. ደግሞ ለንደን ሮያል ኮርት ቴአትር መድረክ ላይ ተቀምጦ፣ አንድ የሥነ ልቦና ባለሙያ ስለሱ የጻፈውን ሪፖርት አንዲት ተዋናይት እያነበበችለት፣ በሕዝብ ፊት ለመጀመሪያ ጊዜ ሰማው። አስቢው፤ እሱ የጻፈው አንድም መስመር የለም፣ የተዘጋጀ ትወና የለም፣ ያለው ወረቀትና የሚሰማ ሰው ብቻ ነው። ክዋኔ ማለት እንዲህ ነው። በ2019 እ.ኤ.አ. ያንኑ ጉዳይ መጽሐፍ አደረገው፤ የማኅበራዊ ጉዳይ ቢሮዎቹን ደብዳቤዎች እንዳሉ አስቀምጦ በየምዕራፉ መግቢያ አጭር ግጥም ሰጣቸው። ሰውዬው የ2012ቱ የለንደን ኦሎምፒክ ገጣሚ ሆኗል፣ የማንቸስተር ዩኒቨርሲቲ ቻንስለር ሆኖ አገልግሏል፣ ግጥሞቹ የማንቸስተር ግድግዳ ላይ ተጽፈዋል። አንድም ሰው «ተበታትነሃል» አላለውም፤ ምክንያቱም በየትኛውም በር ብትገቢ የምታገኚው ያንኑ ሰው፣ ያንኑ ጥያቄ ነው።

ሙያ መቀየርም ሞት አይደለም። ሚካኤል ጸጋዬ አዲስ አበባ በሥዕል ነው የተመረቀው፤ የዘይት ቀለሙ ሰውነቱ ላይ አለርጂ አመጣበትና ወደ ካሜራ ዞረ፤ ዛሬ በፎቶ ነው የምናውቀው። ፎቶ አንሺዋ አይዳ ሙሉነህ ከፎቶ ጋዜጠኝነት ነው የመጣችው። አሁን የምትታወቅባቸውን ሥራዎች ስታዪ ግን ሴቶቹ ፊታቸውን ተቀብተው፣ ልብሱ ታስቦበት፣ አቋቋማቸው ተለክቶ ነው የሚቆሙት። ካሜራው ከመከፈቱ በፊት አንድ ሙሉ ትርኢት ተዘጋጅቶ አልቋል ማለት ነው። ስለዚህ የመድረክ ልምድሽ ለፎቶሽ እንዴት እንደሚሆን ማወቅ ከፈለግሽ የሷን ሥራዎች ቁጭ ብለሽ እዪ።

ጉዳይሽን እንዴት ታገኚዋለሽ? አርባ የሚሆኑ ፎቶዎችሽን በርካሽ ወረቀት አሳትሚ፤ ግጥሞችሽንም አትሚ፤ መሬት ላይ ዘርጊ። የሠርጎቹንም ጨምሪ፤ በተለይ ደንበኛ ያልወሰዳቸውን፣ አንቺ ግን ማጥፋት ያቃተሽን። ከዚያ የሚደጋገመውን ፈልጊ። እጅ ነው? በር ነው? ጥግ ላይ ብቻዋን የተቀመጠች እናት ናት? ግጥሞችሽ ውስጥስ ስንት ጊዜ መጥታለች? በስልክ ስክሪን እያንሸራተትሽ አይሆንም፤ በዓይን አንድ ላይ መታየት አለባቸው። ይሄን ያደረጉ ልጆች ሲደነግጡ አይቻለሁ፤ ለካ ለዓመታት ስለ አንድ ነገር ሲሠሩ ኖረዋል።

አንድ ማስጠንቀቂያ እዚህ ላይ፣ ብዙ ሥራ ሲበላሽ የማየው በዚህ ስለሆነ። ሦስቱን አንድ ላይ ስታመጪ አንዱ የሌላው አስተርጓሚ አይሁን። ፎቶው ባዶ ወንበር ካሳየ ግጥሙ «ወንበሩ ባዶ ነው፣ ብቸኛ ነኝ» ካለ ሁለቱም ሞቱ። ፎቶው ስለ ወንበሩ ይናገር፣ ግጥሙ ስለ ሌላ ነገር፤ ስለ ቡናው ዋጋ፣ ስለ ጎረቤቷ ልጅ። ተመልካቹ መሐል ላይ ያለውን ክፍተት ራሱ ይሙላው። መድረክ ላይም እንደዚሁ ነው። ከጀርባሽ በፕሮጀክተር ፎቶ እየቀያየርሽ ግጥም ካነበብሽ የሰው ዓይን ወደሚያበራው ነገር ይሄዳል፤ አንቺን ማንም አያይሽም። ወይ አንድ ፎቶ ብቻ አድርጊና ሳይቀየር ይቆይ፣ ወይ ፎቶውን በእጅሽ ይዘሽ ውጪ፣ ወይ ተይው። የጦቢያ ግጥም በጃዝ ሰዎች ራስ ሆቴል በየወሩ ያደርጉት የነበረውን ያየ ሰው ይገባዋል፦ የሙዚቃ ቡድኑ ገጣሚውን ለማጀብ ብቻ አልነበረም የሚጫወተው፤ ገጣሚው ዝም ሲል ሙዚቃው ይቀጥላል፣ ሙዚቃው ሲያርፍ ቃሉ ብቻውን ይቆማል፤ ተራ መለቃቀቅ ያውቁበታል።

አሁን ሰነድ። ከሁሉም በላይ አደራ የምልሽ ይሄን ነው፤ የገብረ ክርስቶስን ሃያ አምስት ዓመት አስታውሺ። ግጥም ወረቀት ላይ ይቀራል፣ ፎቶ ፋይል ውስጥ ይቀራል፣ ክዋኔ ግን ካልተቀረጸ ጠፋ። የሚደርሰኝ ነገር ብዙ ጊዜ ከተመልካች መሐል በስልክ የተቀረጸ፣ የፊተኛው ሰው ጭንቅላት ግማሹን የሸፈነው፣ ድምፁ የማይሰማ ሦስት ደቂቃ ነው። ሥራው ግሩም ሊሆን ይችላል፤ እኔ ግን አላየሁትም። አንድ ካሜራ በትራይፖድ ከኋላ አቁሚ፣ መድረኩን ሙሉ ይያዝ፣ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አይነካ። ሁለተኛ ሰው በቅርብ ፎቶ ያንሳ። ድምፁን ደግሞ ለብቻ፣ ስልክም ቢሆን አፍሽ አጠገብ አስቀምጠሽ ቅጂው። ያን ምሽት አንቺ ካሜራ አትንኪ፤ ፎቶ አንሺ ስለሆንሽ እጅሽን ያሳክክሻል፣ ግን አትንኪ። ቤት ስትገቢ ሳትተኚ ግማሽ ገጽ ጻፊ፦ የሥራው ስም፣ ቀን፣ ቦታ፣ ስንት ደቂቃ እንደፈጀ፣ ምን ዕቃ እንደተጠቀማችሁ፣ እነማን እንደነበሩበት፣ ምን እንደሆነ። ያቺ ግማሽ ገጽ ከአምስት ዓመት በኋላ ሥራሽን ደግመሽ እንድትሠሪው የምታስችልሽ ናት።

ሕጉንም ማወቅ አለብሽ፤ ምክንያቱም ሦስቱን ሙያ ሕጉ እኩል አያያቸውም። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የሚባል አለ፤ በ2007 ዓ.ም. በአዋጅ 872 ተሻሽሏል። ግጥምሽ ወጥ (የራስሽ ፈጠራ) ከሆነና ከተጻፈ ወይ ከተቀረጸ፣ ባታስመዘግቢውም ጥበቃ አለው፤ ዕድሜሽን ሙሉና ካረፍሽ በኋላ ደግሞ 50 ዓመት። መድረክ ላይ ተወርውሮ የቀረ ቃል ግን ያን ጥበቃ አያገኝም፤ ስለዚህ ከማቅረብሽ በፊት ጻፊው። ለከዋኝነትሽም የራሱ መብት አለ፣ 50 ዓመት ይቆያል። የፎቶሽ ግን ከተነሳበት ጊዜ ጀምሮ 25 ዓመት ብቻ ነው፤ ያውም የስብስብ አካል ከሆነ፣ ወይ መጽሐፍ ላይ ከወጣ፣ ወይ ስምና አድራሻሽ ወይ ምልክትሽ ካለበት። ስለዚህ ስም የሌለው ፎቶ ቴሌግራም ላይ መልቀቅ በገዛ እጅ መብትን ማላላት ነው።

በጣም የሚያስገርማቸው ደግሞ ይሄ ነው፦ ሌላ ስምምነት ከሌለ፣ የታዘዘ ሥራ የኢኮኖሚ መብቱ፣ ማለትም ሥራውን የማባዛት፣ የመሸጥና የማሳየት መብቱ፣ ያዘዘው ሰው ነው። ሠርግ ቀጥረውሽ ያነሳሽው ፎቶ ማለት ነው። ያቺን ጥግ ላይ የተቀመጠች እናት ለኤግዚቢሽን ልታወጪያት ብትፈልጊ መብቱ የሙሽሮቹ ሊሆን ይችላል። ከዚህ ላይ የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 27 አለ፤ የሰውን ምስል ያለ ፈቃዱ አደባባይ ማሳየት፣ ማባዛትና መሸጥ ይከለክላል። መፍትሔው ቀላል ነው። የምትፈርሙት የሠርግ ውል ላይ ሁለት መስመር ጨምሪ፤ አንዷ መብቱ የጋራ ወይም ያንቺ እንደሚሆን፣ ሌላዋ ለሥነ ጥበብ ዓላማ እንድታሳዪ እንደፈቀዱ። እንግዶቹንማ ለየብቻ መጠየቅ ነው፤ እናቲቱን ሄደሽ፣ ፎቶዋን አሳይተሽ፣ «እማማ፣ ይቺን ላሳያት?» ማለት። ያው ነገር ተገልብጦ አንቺንም ይመለከታል፦ ክዋኔሽን በትብብር፣ ያለ ክፍያ ያነሳልሽ ጓደኛሽ የፎቶው ባለመብት እሱ ነው። ዛሬ ወዳጅ ናችሁ፤ ከዓመታት በኋላ ፎቶው መጽሐፍ ሽፋን ላይ ሲፈለግ ነው ነገር የሚመጣው። አንድ ገጽ ተፈራረሙ።

የታዘዘ ሥራ ሁሉ ጥበብ አይሆንም ማለቴ እንዳይመስልሽ። አይዳ ሙሉነህ ስለ ውኃ የሠራችው፣ ዳሎል ላይ ያነሳችው ተከታታይ ፎቶ ዋተርኤድ የተባለው ድርጅት ያዘዘው ነው፤ ለንደን ሳመርሴት ሃውስ ታየ፤ በየትኛውም ዓይን የሷ ሥራ ነው። ልዩነቱ ትዕዛዙን ወደ ራሷ ጉዳይ መሳቧ ነው።

ገንዘቡን በግልጽ ላውራሽ። መድረክ ትንሽ ይከፍላል፣ ግን እዚያው ማታ ይከፍላል። የታዘዘ ፎቶ የቤት ኪራይ ይከፍላል። የግጥም መጽሐፍ ማተሚያ ቤቱን ቀድሞ ያስከፍልሻል፤ ከዚያ በአከፋፋይና በአዟሪ እጅ አልፎ ብሩ ቀስ እያለ ይመጣል፣ አንዳንዴም አይመጣም። በኤግዚቢሽን የሚሸጥ ፎቶ ብዙ ወር ጸጥ ይልና አንድ ቀን የብዙ ወር ገቢ ያመጣል። አራቱን በአንድ ኪስ ካደረግሻቸው የትኛው እንደሚያኖርሽ አታውቂም። ለየብቻ መዝግቢያቸው። በሠርጉ ሥራ ደግሞ አትሸማቀቂ፤ ነጻነትሽን የሚገዛልሽ እሱ ነው። ብቻ በሳምንት ውስጥ ለራስሽ ሥራ ብቻ የሆነ አንድ ቀን ከልዪ፤ ደንበኛ ቢለምንሽም አትስጪው።

ፎቶ የምትሸጪ ከሆነ ሕትመቱ ላይ አትቆጥቢ። በባነር ማተሚያ የታተመ ፎቶ ፀሐይ ይበላዋል፤ የገዛሽ ሰው ሳሎን ውስጥ ሲደበዝዝ ስምሽም አብሮ ይደበዝዛል። ከጥጥ በተሠራ ወረቀት፣ ቶሎ በማይደበዝዘው በፒግመንት ቀለም አሳትሚ። መጠኑንም ካሜራሽ ይወስነው፤ 24 ሜጋፒክሰል ያለው ካሜራ በ300 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 300 ነጥብ ሲታተም) የሚሰጥሽ ወደ 51 በ34 ሳንቲሜትር ነው። ከዚያ በላይ ይታተማል፣ ግን ከሩቅ የሚታይ ይሁን። ከአንድ ፎቶ ስንት ኮፒ እንደምትሸጪ ቀድመሽ ወስኚ፤ አምስት ካልሽ አምስት ነው። ስድስተኛው ሲፈለግና ብር ሲያስፈልግሽ ትፈተኛለሽ። እንዳትነኪው።

አዲስ አበባ መምጣት አለብኝ ወይ ብለሽ መጨረሻ ላይ ጠይቀሻል። ለማየት ነይ። የገብረ ክርስቶስ ደስታን ሙዚየም እዪ፣ የፈረንሳዩና የጀርመኑ የባህል ተቋማት፣ አሊያንስና ጎተ ኢንስቲትዩት፣ የሚያዘጋጁትን ተከታተይ፣ አዲስ ፎቶ ፌስት ሲኖር ፖርትፎሊዮሽን (የተመረጡ ሥራዎችሽን ስብስብ) ይዘሽ ነይ፤ አይዳ ሙሉነህ በ2010 እ.ኤ.አ. ያቋቋመችው ፌስቲቫል ነው፣ ካሜራ ይዞ ከሌላ አገር የመጣ ሰው አጠገብ መቆም ብቻውን ትምህርት ነው። ለመኖር ግን አትቸኩይ። እዚህ ያለ ሰው ሁሉ የሚያነሳው ያንኑ መንገድና ያንኑ ሕንፃ ነው። ያንቺ ከተማ የንጉሥ ሚካኤል አይጠየፍ አዳራሽ ያለባት ከተማ ናት። ለንጉሥ ግብር (ለድግስ) የተሠራ አዳራሽ ውስጥ ስለ ሠርግ፣ ስለ ድግስና ጥግ ላይ ስለምትቀመጠው እናት የሚያወራ ክዋኔ አስቢ፤ ፈቃድ ከተገኘ ይሄን ደሴ ላይ ካልሆነ የትም ልትሠሪው አትችዪም።

አዲስ አበባ ላሉት ተቋማት ስታመለክቺ ከአሥር እስከ አሥራ አምስት ፎቶ፣ ሁለት ግጥም፣ አንድ የቪዲዮ ሊንክና ስለ ሥራሽ አንድ ገጽ ይበቃል። ሁሉንም በአንድ ፒዲኤፍ አድርጊው። ገጹን መጀመሪያ በአማርኛ፣ ለእናትሽ እንደምታስረጂ አድርገሽ ጻፊው፤ ከዚያ ይተርጎም። «ገጣሚ፣ ፎቶ አንሺ፣ ከዋኝ» ብለሽ አትጀምሪ። በጉዳይሽ ጀምሪ፣ ሙያዎቹ በየቦታቸው ይመጣሉ። ፎቶዎቹን መሬት ላይ ከዘረጋሽ በኋላ የሚደጋገመውን ያገኘሽ ሲመስልሽ ደግሞ እዚሁ ጻፊልኝ፤ የትኞቹን አሥር እንደምትመርጪ አብረን እናያለን።